ትሬለሩን ብቻ አምናችሁ ለዚህ ዓይነት የፍቅር ኮሜዲ እንዳትከፍሉ

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ አንድ ምሽት ዘና ብዬ ላሳልፍ አስቤ፣ ከሲኒማ ቤቶች ወርዶ በኢንተርኔት መከራየት የጀመረ ቀለል ያለ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ከፍዬ ተመለከትሁ። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እኔ ለከፈልሁበት ነገር፣ ማለትም ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ ሲዋደዱ ለማየት፣ የዋለው ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም፤ እነዚያም ደቂቃዎች የመሪዎቹ ተዋንያን አይደሉም። ያልወደድኋቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ግን ማስጠንቀቂያ ጽፌ አላውቅም፤ ፊልም አለመውደድ የማንኛውም ተመልካች ዕጣ ነውና። ይህኛውን እንድጽፍ ያስገደደኝ የተሸጠልኝና የተረከብሁት ነገር መለያየቱ፣ ልዩነቱም በማስታወቂያው ውስጥ በጥንቃቄ ተሸፍኖ ማግኘቴ ነው። ይህንንም ያወቅሁት ትሬለሩን፣ ማለትም ፊልሙን ለማስተዋወቅ ከትዕይንቶቹ ተቆራርጦ የተሠራውን አጭር ማስታወቂያ፣ ከፊልሙ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ በየትዕይንቱ እያቆምሁ ካመሳከርሁ በኋላ ነው።

የፊልሙን ርእስና የተዋናዩን ስም አልጠቅስም። ተዋናዩ በሌላ ዓይነት ፊልም የተመሰከረለት ባለሙያ ነው፤ ለዚህ ሚና የመረጡትም ሌሎች ናቸውና ስሙን አንስቼ በእርሱ ላይ ብቻ ማላከክ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ደግሞም ርእሱን ብነግራችሁ የምትጠነቀቁት ከአንድ ፊልም ብቻ ነው፤ ሽያጩ የተካሄደበትን መንገድ ብነግራችሁ ግን ነገ በሌላ ርእስ ሲመጣም ታውቁታላችሁ።

ታሪኩ ሲተረክ ደስ ይላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ያረጁ መጻሕፍትን እየጠረዘ የሚኖር ዓይን አፋር ሰው ነው፤ የያዘውን ይጥላል፣ ቃል ይጠፋዋል፣ ሊናገር ያሰበውን ትቶ ያላሰበውን ይናገራል። አንዲት ሴት የሟች አያቷን የተገነጣጠለ ማስታወሻ ደብተር እንዲጠርዝላት ታመጣለታለች፤ እርሱም የተቀላቀሉትን ገጾች በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ማንበብ ግድ ስለሚሆንበት፣ እርሷ ራሷ የማታውቀውን የቤተሰቧን ጉዳይ ያውቃል፤ ማወቁን እንዴት እንደሚነግራት ሲጨነቅም ይወዳታል። እንዲህ ያለ የተመቸ መነሻ በየቀኑ አይገኝም። ይሁን እንጂ የፊልሙ ሳቅም ፍቅርም የተንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ተመልካቹ ይህ ሰው በእርግጥ ይፈራል ብሎ ማመን አለበት።

ለሚናው የተመረጠው ተዋናይ ግን ዝናውን በሙሉ ያተረፈው በድብድብና በስለላ ፊልሞች ሲሆን፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ዝም ሲል ራሱ ሰውን የሚያስጨንቅ ነው። ይህ በሌላ ቦታ ሀብቱ ነው። እዚህ ግን በየትዕይንቱ ይከዳዋል። ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙበትን ትዕይንት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ሴቲቱ በሩን ስትከፍት እርሱ ደንግጦ የተሸከመውን የመጻሕፍት ክምር መጣል አለበት። ከክምሩ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከመንሸራተቱ በፊት ዓይኖቹ መጽሐፉ ወደሚያርፍበት ቦታ ይወርዳሉ፤ ግራ እግሩ አስቀድሞ ወደ ኋላ ተንቀሳቅሶ ቦታውን ይዟል፤ ትከሻው አልተነቃነቀም። ለብዙ ዓመታት እንዳይደነግጥ የሠለጠነ አካል ደንግጥ ሲባል የሚያደርገው ይህን ነው። መጻሕፍቱ ወደቁ ከማለት ይልቅ ተቀመጡ ማለት ይቀላል። በሲኒማው አዳራሽ ውስጥ ብሆን ኖሮ በዚያ ቅጽበት ማንም እንደማይስቅ እርግጠኛ ነኝ፤ እኔም ቤቴ ሆኜ አልሳቅሁም።

ከሁሉ የከፋው በሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው የሚያመሹበት ትዕይንት ነው፤ በትሬለሩ ውስጥ ደጋግሞ የታየውም እርሱ ነው። አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እነዚህ አራት ደቂቃዎች የፊልሙ ልብ መሆን ነበረባቸው፤ ጠባብ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ መሸሻ የለም። እኔ በሁለተኛው ዕይታዬ ምስሉ ተቆርጦ ወደ ሌላ ምስል የተሻገረበትን ቦታ እየቆጠርሁ ተመለከትሁት፤ ዘጠና ሦስት ጊዜ ተቆርጧል፤ አንዱ ምስል በአማካይ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይቆይም ማለት ነው። የሁለቱ ፊት በአንድ ምስል ውስጥ አብሮ የሚታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው እርሷ ብቻዋን፣ እርሱ ብቻውን፣ እርሷ ብቻዋን፣ የእርሱ ጀርባ፣ የሊፍቱ ቁልፎች፣ እንደገና እርሷ ብቻዋን ነው። ተዋናይቱ ዓይኗን ከፍ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የሚቻላትን ሁሉ ታደርጋለች፤ የምትመልስለት ሰው ግን የለም። በመጨረሻ እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ አያያዙ የተያዘ ሰው እንዳያመልጥ የሚጠብቅ ሰው አያያዝ ነው፤ አውራ ጣቱ ወደ አንገቷ ሥር ገብቶ ጫን ብሏል። ይህን ካየሁ በኋላ ገጸ ባሕርዩ ዓይን አፋር ነው ብሎ ማመን ለእኔ የማይቻል ሆነ።

የቁርጡን ብዛት ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኮሜዲ ውስጥ ሳቅ የሚወለደው በአብዛኛው ከቃሉ ይልቅ በሁለት ቃላት መካከል ካለው ዝምታ ነው፤ አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪመልስ ድረስ ባለችው ቅንጣት ጊዜ ውስጥ የሁለቱንም ፊት በአንድ ላይ ማየት ያስፈልገናል። ሁለቱ ተዋንያን ይህን ጊዜ በመካከላቸው ሲያገኙት ካሜራው ዝም ብሎ ቢቆም ይበቃል። ሳያገኙት ሲቀሩ ኤዲተሩ ዝምታውን በመቁረጥ ለመፍጠር ይገደዳል። የተቆራረጠ የፍቅር ትዕይንት ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ተዋንያን ለአራት ደቂቃ በአንድ ምስል ውስጥ ሊቀመጡ ካልቻሉ፣ ኤዲተሩ ከእኛ የሚደብቀው ነገር እንዳለ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ይህ ዘውግ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ሰው የሚቆም ነው። ፍራንክ ካፕራ በ1934 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያዘጋጀው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የተባለው ፊልም በምርጥ ፊልም፣ በአዘጋጅነት፣ በፊልም ጽሑፍ፣ እንዲሁም በመሪ ተዋናይነት በክላርክ ጌብልም በክሎዴት ኮልቤርም አማካይነት፣ አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች በአንድ ጊዜ ያገኘ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ሽልማቱ ለሁለቱም መሰጠቱ ትርጉም አለው። በድብድብ ፊልም ውስጥ መሪው ተዋናይ ብቻውን ፊልሙን ሊሸከም ይችላል፤ በፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ግን አንዱ ከጎደለ የሌላው ችሎታ ሁሉ መሬት ላይ ይፈስሳል።

እንግዲያው ለምን ተመረጠ? ለንግዱ ቅርብ የሆኑ ሰዎች የሚያውቁት አሠራር አለ። ብዙ ፊልሞች ገና ሳይቀረጹ የማከፋፈል መብታቸው ለየአገሩ አከፋፋዮች ይሸጣል፤ ያልተሠራ ፊልም የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚያየው ምስል ስለሌለው በአብዛኛው የሚገዛው የመሪውን ተዋናይ ስም ነው። ስሙ ገንዘቡን ያመጣል፤ ሚናው ለሰውየው ይስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በጥንቃቄ በሚሠራ ፊልም ግን ከቀረጻ በፊት ሁለቱ ተዋንያን አብረው ተቀምጠው ጥቂት ትዕይንቶችን እንዲያነቡ ይደረጋል፤ ባለሙያዎቹ «ኬሚስትሪ ሪድ» የሚሉት ይህ ነው። በዚህ ፊልም ላይ ተደርጎ ይሁን አይሁን መናገር የእኔ ፋንታ አይደለም። ውጤቱን ግን አይቻለሁ።

ያልተስማማ ምርጫ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታላላቆቹም ገጥሟቸዋል። ቢሊ ዋይልደር በ1954 ባወጣው «ሳብሪና» ውስጥ የመሪው ሚና በመጀመሪያ የታሰበው ለኬሪ ግራንት ነበር፤ በመጨረሻ የተጫወተው ግን በወንጀልና በጦርነት ፊልሞች የገነነው ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። ፊልሙ ሲወጣ እርሱ የ54፣ አብራው የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን የ25 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ፊልሙ እስከ ዛሬ ቢወደድም፣ ሲታይ ግን የቦጋርት አለመመቸት ጎልቶ ይነበባል። ሆኖም ዋይልደር ቢያንስ የቦጋርትን ገጸ ባሕርይ ከሥራ በቀር ሌላ የማያውቅ ደረቅ ነጋዴ አድርጎ ስለጻፈው፣ የተዋናዩ ደረቅነት ከታሪኩ ጋር አልተጣላም።

ከዚህም የተሻለ ምሳሌ አለ። በ1963 «ሻሬድ» በተሰኘው ፊልም ኬሪ ግራንት 59፣ ሄፕበርን 34 ዓመታቸው ነበር። ግራንት የዕድሜው ልዩነት ሰውን እንዳያስቀይም ስለሰጋ፣ ጽሑፉ ተለውጦ የምታሳድደው ሴቲቱ፣ የሚሸሸው እርሱ እንዲሆን ተደረገ። ችግሩ ራሱ የሳቅ ምንጭ ሆነ። በ1988 በወጣው «ትዊንስ» ውስጥም የአርኖልድ ሽዋርዜኔገር ግዙፍ አካል ከትንሹ ዳኒ ዴቪቶ ጎን ቆሞ፣ መንትዮች ናቸው በመባሉ ብቻ ያስቃል፤ ማንም አካሉን ሊደብቅ አልሞከረም። ስለዚህ የድብድብ ተዋናይ ኮሜዲ አይችልም የሚል ክርክር የለኝም። ክርክሬ ተዋናዩን ከመረጡ በኋላ ጽሑፉን ለእርሱ ማስማማት ይገባ ነበር የሚል ነው። የእኛ መጽሐፍ ጠራዥ በሚፈራበት ቦታ ሁሉ እንዲደነቃቀፍ ከማድረግ ይልቅ፣ ማንንም የማይፈራ ሰው አንዲትን ሴት ብቻ ሲፈራ ቢጻፍ ኖሮ፣ ይኸው ተዋናይ ሊያስቀን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያህል ቀላል ማስተካከያ ሳይደረግ መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ትሬለሩ ልምጣ፤ ገንዘቤን የወሰደው እርሱ ነውና። በትሬለሩ ውስጥ መጽሐፍ ጠራዡ «ሙጫው እስኪደርቅ ብትቆዪስ?» ይላታል፤ እርሷም ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። እውነተኛ ሳቅ ነው፤ እኔም ፈገግ ብዬ የኪራዩን ቁልፍ የነካሁት በዚያ ምክንያት ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ይህን ሲላት እርሷ ደብተሯን ታነሣና ትወጣለች። ሳቁ የሚገኘው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከአክስቷ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ፣ በሌላ ልብስ። የልብሱ ለውጥ እንዳይታወቅ በትሬለሩ ላይ ምስሉ ፊቷን ብቻ እስኪይዝ ድረስ ቀርቧል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጆሮ ጌጡ እንኳ የተለያየ ነው። ትሬለር በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ሥራ በተካኑ ድርጅቶች እንጂ በፊልሙ አዘጋጅ እጅ አይደለም፤ ፊልሙ የሌለውን መጣጣም ከሌላ ቦታ ቆርጦ መስፋትም ይችላል።

ይህ በሕግ ያስጠይቃል ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። «ዬስተርዴይ» የተባለውን የ2019 ፊልም እያንዳንዳቸው 3.99 ዶላር ከፍለው የተከራዩ ሁለት ተመልካቾች፣ በትሬለሩ ላይ የታየችው ተዋናይት አና ዴ አርማስ በፊልሙ ውስጥ የለችም ብለው በ2022 በአሜሪካ ከሰሱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የካሊፎርኒያው ፌዴራል ዳኛ ትሬለር የንግድ ማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው ሕግ ይመለከተዋል ብለው ወሰኑ። ነገር ግን ዳኛው የውሳኔውን ወሰን አጥብበው አስቀምጠዋል፤ የሚመለከተው ተዋናይ ወይም ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። እኔን ያታለለኝ የሴቲቱ ሳቅ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ቦታው ነው የተለየው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሽያጭ ፍርድ ቤት ይመልስልናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ከመክፈላችን በፊት ራሳችን መመርመር አለብን።

በፖስተሩ ላይ የሚጻፉትን ምስጋናዎችም እንዲሁ በጥንቃቄ አንብቡ። በ2001 ሶኒ የተባለው ኩባንያ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል፣ በእውን የሌለ ሃያሲ ፈጥሮ ፊልሞቹን ሲያስመሰግንበት እንደነበር ተጋልጧል፤ በ2005 በተደረሰ ስምምነትም ፊልሞቹን በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ላዩ ሰዎች በአንድ ቲኬት 5 ዶላር ለመመለስ ተስማምቷል። በእኔ ፊልም ፖስተር ላይ ያሉት ምስጋናዎች ሐሰት ናቸው አልልም። ሁሉም ግን የሚያመሰግኑት ተዋናይቱን ወይም የቀረጻውን ውበት ነው፤ ስለ ሁለቱ አንድ ላይ የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር የለም። ይህን ከመክፈሌ በፊት ማስተዋል ነበረብኝ።

የኪራዩን ውልም ብዙዎቻችን አናነብም። በአብዛኞቹ አገልግሎቶች ዘንድ የተከራያችሁትን ፊልም ለመጀመር 30 ቀን ይሰጣችኋል፤ ከጀመራችሁ በኋላ ግን የሚቀራችሁ አብዛኛውን ጊዜ 48 ሰዓት ነው፤ ማየት ከጀመራችሁም ገንዘብ የመመለስ ዕድሉ እጅግ ይጠብባል። በአውሮፓ ኅብረት በ2011 የወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ ከርቀት ለሚፈጸም ግዢ የ14 ቀን የመመለሻ ጊዜ ቢሰጥም፣ ሸማቹ ተስማምቶና መብቱ እንደሚቀር አውቆ ዲጂታል ይዘቱ ወዲያው እንዲጀምር ከፈቀደ መብቱ ይቋረጣል። ከመክፈያው ቁልፍ በላይ ያለችው ትንሽ የምልክት ሣጥን ይህን ፈቃድ የምትቀበል ልትሆን ትችላለችና ሳታነቡ አትንኳት። እኔ ስላልረካሁ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ለአከራዩ ጻፍሁ፤ ማየት ስለተጀመረ አይቻልም የሚል የሁለት መስመር መልስ ደረሰኝ። በውሉ መሠረት መልሱ ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው ጥንቃቄው ከክፍያው በፊት መሆን ያለበት።

ለፍቅር ኮሜዲ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመክረው ይህ ነው፦ ሁለቱ መሪ ተዋንያን ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ሳይቆራረጥ የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ፈልጉ። አዘጋጆቹ ብዙ ጊዜ ለማስተዋወቅ ሲሉ ከፊልሙ የተወሰደ ሙሉ ቅንጭብ በነጻ ይለቃሉ፤ በጥንዶቹ የሚተማመን ፊልም ጥንዶቹን አብረው ያሳያል። የተለቀቀው ቅንጭብ በሙሉ የረዳት ገጸ ባሕርያት ከሆነ፣ ወይም ትሬለሩ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ምስል የሚታዩት ሲሳሳሙና ሲሮጡ ብቻ ከሆነ፣ ታገሡ። ሙዚቃውን ዘግታችሁ ትሬለሩን ያለ ድምፅ ብታዩትም ብዙ ነገር ይገለጣል፤ የሚያስደስተው ማጀቢያው ወይስ ሰዎቹ እንደሆኑ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ትለያላችሁ። ሂስ ስታነቡም ስለ ታሪኩ የሚሉትን ዝለሉና ስለ ሁለቱ መጣጣም ምን እንደተባለ ፈልጉ። ተዋናዩን ከሌላ ፊልም ስለምትወዱት ብቻ አትክፈሉ፤ እኔ ካጠፋሁት ጥፋት አንዱ ይህ ነበር።

ፊልሙን ቀድማችሁ የተከራያችሁና ሰዓቱ ያላለቀባችሁ ካላችሁ፣ ወደ 71ኛው ደቂቃ ሂዱ። የሴቲቱ አክስትና ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤቷ አንድ የተሰበረ የእጅ ሰዓት ለመጠገን ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ተዋንያን ናቸው፤ ስማቸው በፖስተሩ ላይ የለም። ካሜራው በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። እርሱ ትንሹን ብሎን በጣቱ ጫፍ ይዞ ሊያስገባ ሲሞክር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እርሷ ምንም ሳትናገር የእጁን አንጓ ከሥር ትደግፍለታለች፤ ብሎኑ ከገባ በኋላም እጇን አታነሣም፤ እርሱም ብሎኑን መልሶ ይፈታዋል።